ትንሿ ፈቃድ

ላይል ስቴንሩድ ውሸት አይችልም። ማውራትም አይችልም። እዚህ ቀይ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሁለቱም ከጨዋነት ይቆጠራሉ። ሰውየውን ያስቀሩት ግን እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። አንዱ ብቻ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ሰማይ ላይ ይበር ነበር።

አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ከቶርቪክ ወጣ ብሎ ባለው የስኳር ፋብሪካ፣ ለስኳር ማጣሪያ ኖራ በሚቃጠልበት ምድጃ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። በሚያዝያ ፋብሪካው ተዘጋ። አለቆቹ ሠራተኛውን ምግብ አዳራሽ ሰበሰቡና ለየሰዉ አንዳንድ የስንብት ፖስታ አስይዘው ኬክ አበሉት። እንዲያው በሞቴ፣ ሰው ከእንጀራው በሚባረርበት ቀን ኬክ! ላይል ድርሻውን በላ፣ ሹካውን አጠበ፣ ወጣ። በር ላይ አንዱ ጎረቤቱ "እንዴት ነህ ላይል?" ሲለው "ምንም አይል" አለው።

"ምንም አይል" የሸለቆው ሰው ጸሎት ነው። በረዶ እህል ቢመታ ምንም አይል፣ ጣት ማሽን ውስጥ ቢቀር ምንም አይል። ከአራት ዓመት በፊት ሚስቱ ጆሊን በካንሰር የሞተች ጊዜም ላይል ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ነው የመለሰው። ለቀስተኛውም "ጎበዝ ነው፣ ቻለው" እያለ የቤተ ክርስቲያኑን ድንችና ሥጋ በልቶ ሄደ።

አሁን ሥራ የለውም፣ ሚስት የለችውም። ልጁ ብሪታ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ፋርጎ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ እሁድ እሁድ እየመጣች አብራው ምሳ ትበላለች። እናቷ የሞተች ዓመት ኮሌጇን አቋርጣ መጥታ፣ ያንን ሁሉ የበረዶ ወራት ፎቅ ላይ ካለው መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ተጎልታ ነው ያሳለፈችው። ለምን ሲላት "ደክሞኝ ነው" አለች። ላይል ይህን አልረሳላትም። ምሳ ላይ "ያቺን ዓመት ባታባክኚ ኖሮ ይሄኔ..." ብሎ ሲጀምር ልጅቷ ተነስታ ሳህን ታነሳለች።

ጋራዡ ውስጥ የጆሊን ሰማያዊ መኪና ቆማለች። ቁልፏ በዚያው የበረዶ ወራት ጠፋ። ሌላ ማስቀረጽ ይቻል ነበር፤ ላይል አላስቀረጸም። መኪናዋ አራት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

የመብረሩ ነገር የመጣው ከድሮ ነው። ላይል በጎረምሳነቱ ለተባይ መድኃኒት ርጭት አውሮፕላን ባንዲራ ያዥ ነበር። እርሻው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ አውሮፕላኑ ራስ ራሱን ሊመታው ጥቂት ሲቀረው እየረጨ ያልፋል፣ እሱ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ለሚቀጥለው መስመር ምልክት ይሆናል። መድኃኒቱ ላዩ ላይ ይዘንብበት ነበር፤ ያኔ ስለ ሳንባ የሚያወራ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት፣ ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር የያዘውን ትቶ ቀና ይላል። ጆሊን "አንገትህ አንድ ቀን እዚያው ይቀርልሃል" ትለው ነበር።

ታዲያ ፋብሪካው በተዘጋ ሳምንት የርጭት አውሮፕላኖች ባለቤት የሆነው ዱዌይን ትቬት ነዳጅ ማደያው ላይ አገኘው።

"ላይል፣ አንዱ አብራሪዬ ሁለት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ይወጣል። ለገንዘብ የሚያበር ሰው ፈቃድ ይዘህልኝ ና፣ ቦታው ያንተ ነው።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ዕድሜህን ማን ጠየቀህ? ካልመጣህ ከወንዙ ማዶ ከሚኒሶታ ሰው ላመጣ ነው። እነሱን ደግሞ ታውቃቸዋለህ።"

ላይል ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ አየር ማረፊያው ነዳ።

የቶርቪክ አየር ማረፊያ አንድ አስፋልትና አንድ የቆርቆሮ ሃንጋር ነው፤ ውስጡ ደግሞ የበረራ አስተማሪዋ አርሊስ አለች። አርሊስ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከሁለት ባሎቿ በላይ ያኖረችው አውሮፕላኗን ነው። ካስተማረቻቸው ሰዎች ግማሹ አሁን ሽበት አውጥቷል። ከወንበሯ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ በሙሉ የሸሚዝ ጀርባ ነው። እዚህ አገር ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲወርድ አስተማሪው የሸሚዙን ጀርባ በመቀስ ይቆርጥበታል፣ ስምና ቀን ጽፎ ይሰቅለዋል። ላይል ከነዚያ ጨርቆች መሀል አሁን የሞቱ ሰዎችን ስም አነበበ።

"ስንት ዓመትህ ነው?" አለችው አርሊስ።

"አርባ ሰባት።"

"የአየር መንገድ ካፒቴን እሆናለሁ ብለህ ከመጣህ በሩ ያውልህ። እነሱ በስልሳ አምስት ያወርዱሃል፣ ገና ወንበሩን ሳታሞቀው።"

"ርጭት ነው የፈለግኩት።"

"እሱስ ይሻልሃል። እዚያ የሚያወርድህ ዕድሜ አይደለም፣ የመብራት ሽቦ ነው።"

ቀልዷን ጨርሳ ከግድግዳው ላይ ያለፈ ዓመት ካሌንደር ነቀለች፣ ገለበጠችው፣ በእርሳስ ሦስት መስመር አሰመረች።

"ይቺ ትንሿ ፈቃድ ናት። ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን፣ በቀን ብርሃን ብቻ፣ ያለ ክፍያ። የጤናህ ምስክር የመኪና መንጃ ፈቃድህ ነው፣ ሐኪም የሚባል አያይህም። ይሄ መካከለኛው ነው፣ ቤተሰብህን ጭነህ የምትሄድበት፤ ለሱ ሐኪም ያይሃል። ይሄ ደግሞ ትልቁ ነው፣ የዱዌይን ሥራ፣ ለገንዘብ የምታበርበት። ለሱ ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ ነው የሚያይህ።"

"ከትንሿ ብጀምር ለትልቁ አይቆጠርልኝም?"

"ይቆጠርልሃል፣ ሰዓቱ አይጠፋም። ግን ስማኝ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው።" እርሳሷን ትንሿ መስመር ላይ ተከለችው። "ሐኪም ፊት ቀርበህ ከተከለከልክ፣ ትንሿም ትዘጋብሃለች። ጭራሽ ያልቀረበ ሰው በመንጃ ፈቃዱ ይበራል። ቀርቦ የወደቀ ሰው ግን መሬት ይቀራል።"

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው?"

"ሕግ ነው። እኔን አትጠይቀኝ፣ አላወጣሁትም። እኔም አልጠይቅህም፣ አንተም አትንገረኝ። ልብ፣ ስኳር፣ ራስ መሳት፣ የጭንቀት ኪኒን፣ ከነዚህ አንዱ ድሮም ቢሆን ካለብህ ትንሿን ያዝ። ሐኪም ደጅ አትድረስ። እየበረርክ ወረቀትህን ቀስ ብለህ ታሰባስብና ያኔ ትቀርባለህ። ምንም ከሌለብህ ቀጥ ብለህ ወደ ትልቁ። የቱን ልጻፍልህ?"

አርሊስ ደግ ሰው ናት፣ ነገሩን ያለችው ለደግ ነው። ሳታውቀው ግን ሰውየውን ወጥመድ ውስጥ ከተተችው። "ትንሿን" ካለ "አለብኝ" ማለቱ ነው። ቶርቪክ ደግሞ አራት መቶ ሰው ነው። "ላይል ስቴንሩድ ትንሿን ያዘ አሉ" ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው "ምን ቢኖርበት ነው?" ነው። ያንን ከመስማት ላይል የኖራው ምድጃ ውስጥ ቢገባ ይመርጣል።

"ትልቁን" አለ።

"ደህና ነህ አይደል?"

"ምንም አይል።"

አርሊስ ትልቁ መስመር ላይ ስሙን ጻፈች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያ ሰው የወደቀው ያን ቀን ነው፤ ቀሪው ወረቀት ነው።

ምክንያቱም አርሊስ ከዘረዘረቻቸው አንዱ ነበረበት። ጆሊን ከሞተች በኋላ፣ በዚያ የበረዶ ወራት፣ ላይል ከአልጋ መነሳት አቃተው። ፋብሪካው ሄዶ ይመለሳል፣ የሚያደርገውን ግን አያውቀውም። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ወዳለ ክሊኒክ፣ ማንም ወደማያውቀው፣ ሃምሳ ማይል ነድቶ ሄደ። ዶክተሩ ኪኒን አዘዘለት፤ ስምንት ወር ዋጠ። ኪኒኑን ከብልቃጡ ገልብጦ የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ብሪታ እዚያው ቤት ነበረች፣ አልነገራትም። ሲሻለው ተወው። ከዚያ በኋላ ለራሱም አላነሳውም።

በሙቀቱ ወራት ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ደስ ብሎት ነበር። እጁ ለመሪው የተፈጠረ ነው። አርሊስ እንኳ፣ ምስጋና ከአፏ በመቆንጠጫ የሚወጣ ሴትዮ፣ ሁለት ጊዜ "ይሻላል" ብላዋለች። ስድቧ ግን አልቀረለትም።

"እግርህን! እግርህን ተጠቀምበት! አውሮፕላን ነው አንተ ሰው፣ ትራክተር አይደለም!"

"እየተጠቀምኩ ነው።"

"በየቱ? እቤት በተውከው?"

ከላይ ሲያዩት ሸለቆው ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ፋብሪካው ስኳር ያወጣበት የነበረው የስኳር ሥር ረድፍ በገመድ የተሰመረ ይመስላል። ላይል እዚያ መሀል የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ያያል። ጭስ የለውም። ቤቱንም፣ ጋራዡንም ያያል። ሁሉም ያንሳሉ። ብሪታ አንድ እሁድ "አባዬ፣ ፊትህ ፈክቷል" አለችው። እሱም ያን ቀን ስለባከነችው ዓመት ሳያነሳ ዋለ።

ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ትምህርቱ የሚለብሰው አንዲት ያረጀች ባለ መስመር ሸሚዝ ናት፣ መቀሱን በመጠበቅ። ብቻውን እንዲበር ግን የሐኪሙ ወረቀት መቅደም አለበት። አርሊስ "መኸሩ ሳይገባ ሂድና አምጣ፣ ጀርባህን ልቁረጥልህ" አለችው። በመስከረም መጀመሪያ፣ አብራሪዎችን ወደሚመረምረው ዶክተር ወደ ግራንድ ፎርክስ ሄደ።

ዶክተሩ ፔትሪ ይባላል፣ ለስላሳ ሽማግሌ ነው። ከምርመራው በፊት ግን ቅጽ አለ። ላይል ተቀምጦ ሞላ። ልብ፣ የለም። ስኳር፣ የለም። ወረድ ሲል፣ በሕይወትዎ ዘመን መቼም ቢሆን የመንፈስ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ይላል። "አለ" እና "የለም" የሚሉ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች። ከሥር፣ ሐሰት መሙላት ያስቀጣል ይላል። ላይልን ቅጣቱ አላስጨነቀውም። የያዘውን እስክሪብቶ እያየ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ።

እኛ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንላለን። አብራሪዎች ዘንድ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ በሽታውን ያልደበቀ ክንፍ የለውም። ከአርሊስ ግድግዳ ላይ ካሉት የሸሚዝ ጀርባዎች ስንቱ "የለም" ላይ ምልክት አድርጎ እንደተሰቀለ እግዜር ይወቀው። ላይል ይህን ያውቃል። ባፉ ለአርሊስ "ምንም አይል" ማለት ችሏል፤ እሱ ውሸት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። በእጁ፣ ከሥሩ ስሙን ፈርሞ ሲሆን ግን አልሆነለትም። "አለ" ላይ ምልክት አደረገ። ጎኑ ያብራሩ ይላል። ሦስት ቃል ጻፈ፤ "ባለቤቴ ሞታ ነው።"

ዶክተር ፔትሪ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

"ላይል፣ ሰውነትህ እንደ በሬ ነው። ይሄን ግን እኔ መወሰን አልችልም፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ይጽፉልሃል። ደብዳቤው ሲደርስህ መልስላቸው፣ እሺ? ስልሳ ቀን ነው የሚሰጡህ። የሚፈልጉት ብዙ አይደለም። እንደ ሰው እንድታነጋግራቸው ነው።"

"እሺ።"

"አሁን እንዴት ነህ?"

ምን እንዳለው ታውቁታላችሁ።

ደብዳቤው በመስከረም መጨረሻ መጣ። ጨዋ ደብዳቤ ነው፣ እናንተም ብታነቡት ክፉ አትሉትም። የክሊኒኩን ማስረጃ ይላኩ፣ ደግሞም በራስዎ ቃል በዚያ ጊዜ የሆኑትን፣ የተሰማዎትን፣ መድኃኒቱን ለምን እንደጀመሩና እንደተዉ ጽፈው ይላኩ ይላል። የክሊኒኩ ወረቀት በስልክ ጠይቆ በሳምንቱ መጣለት። የቀረው "በራስዎ ቃል" ነው። የተሰማውን! ላይል ስቴንሩድ የተሰማውን ለጆሊን እንኳ በሃያ አንድ ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ ቢነግራት ነው፣ አንዷን በሰርጋቸው ዕለት።

እንደ እድል ሆኖ፣ ወይም እንደ እርግማን፣ ጥቅምት ገባ። በጥቅምት እዚህ ሰው የለም፤ የስኳር ሥር አጨዳ ነው ያለው። "ዘመቻ" ነው የሚሉት፤ መሬቱ በውርጭ ሳይጠጥር ካልተነቀለ ይበላሻል፣ ስለዚህ አገር ምድሩ ጭቃ ውስጥ ነው፣ የባንክ ቤት ሠራተኛም ቢሆን ጭነት መኪና ላይ ነው። ምርቱ ዘንድሮ ወደ ሌላ ፋብሪካ ነው የሚጓዘው። ላይል ለአንድ ገበሬ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ነዳ። በዘመቻ ጊዜ ደብዳቤ የሚከፍት የለም፤ ግብር ሰብሳቢው እንኳ ያውቃል። ስለዚህ ላይል ደብዳቤውን የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ አስደገፈው። "ከዘመቻው በኋላ" አለ።

ዘመቻው በአሥራ ሰባት ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ምንም ምክንያት አልነበረውም። ማታ ማታ ወረቀት ያወጣል፣ ቀን ይጽፋል፣ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል፣ ከዚያ እጁ ይቆማል። "በጣም አዝኜ ነበር" ብሎ ጽፎ አየውና የሌላ ሰው ነገር መሰለው፤ ቀደደው። በነጋታው መኪናውን ያጥባል፣ የጣሪያውን ቦይ ይጠርጋል። ብሪታ "ያ የሐኪሙ ነገር ምን ደረሰ?" ስትለው "እየሄደ ነው" አላት። አርሊስ ስትደውል "እየጠበቅኩ ነው" አላት። እውነቱን ነው፣ ይጠብቅ ነበር፤ የሚጠብቀው ግን ራሱን ነበር።

ስልሳኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ላይል ቀኑን ያውቀዋል። ያን ዕለት ሙሉውን ማገዶ ሲፈልጥ ዋለ።

በታኅሣሥ ሁለተኛው ደብዳቤ ደረሰ። የተጠየቀው ማብራሪያ በጊዜው ስላልቀረበ ማመልከቻዎ ተከልክሏል ይላል። ላይል ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከፊተኛው ደብዳቤና ከክሊኒኩ ወረቀት ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ወደ ሃንጋሩ ነዳ። ለምን ያቺን ባለ መስመር ሸሚዝ እንደለበሰ አትጠይቁት።

አርሊስ አነበበች። ከዚያ የፊተኛውን ደብዳቤና የክሊኒኩን ወረቀት ጠየቀችው፣ እነሱንም አነበበች። ሴትዮዋ ተቆጣች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

"አንተ ሰው! ስምንት ወር ኪኒን? ለዚህ ነው? በዚህ ምክንያት ይህን ጠይቀዋቸው ሁለት ገጽ ጽፈው ያለፉ ሦስት ሰዎች አሉኝ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ! ሁለት ገጽ ላይል! ሁለት ገጽ!"

"ጽሑፍ አይሆንልኝም።"

"ታዲያ ያን ቀን ትንሿን አትልም ነበር? አሁን ትበር ነበር እኮ! ለእኔ እንኳ 'አለብኝ' ማለት አቃተህ?"

"አትንገረኝ ብለሽ ነበር።"

አርሊስ ደብዳቤዎቹን አጥፋ መለሰችለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ላይል ግን የቆጡንም ለማውረድ እጁን አልዘረጋም። ትልቁ ቀረ፣ መካከለኛው ቀረ፣ ሐኪም የማትጠይቀዋ ትንሿም ተዘጋችበት። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሉት ነገር ነው፤ እሱስ ከሦስት ነው ያጣው።

"እንደገና ማመልከት ይቻላል" አለች አርሊስ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "ከዜሮ ነው። ጊዜ ይወስዳል። ግን መጀመሪያ ያን ነገር መጻፍ አለብህ።"

"ዱዌይንስ?"

"ዱዌይን እስከዚያ አይጠብቅም።"

አልጠበቀምም። ጥር እንደገባ ቦታውን ከወዲሁ ለአንድ የሚኒሶታ ሰው ሰጠ። ላይል ይህን የሰማው ነዳጅ ማደያው ላይ ነው። "ደህና ሰው ነው ይላሉ" አለ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። አርሊስ ሸሚዙን ሳትቆርጥ ቀረች፤ እሱ ደግሞ አጥቦ አጣጥፎ፣ የጆሊን ልብሶች ካሉበት ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ያን ማብራሪያ የጻፈው በዚያው ጥር ነው። ለምን ያኔ? ምናልባት ምንም የሚያመጣው ነገር ስለሌለ ይሆናል፤ አላውቅም። ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ነበር፣ ነፋሱ ቤቱን ይገፋዋል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሁለት ቀን ሁለት ገጽ ጻፈ። አልቀደደውም። ፖስታና ቴምብርም አዘጋጀ፣ ግን አላሸገውም።

እሁድ ብሪታ መጣች። በሉ። ላይል "በረዶ ልጥረግ" ብሎ አካፋ ይዞ ወጣ። ሁለቱ ገጾች ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣው አጠገብ ነበሩ። ረስቷቸው ነው ወይስ ሆን ብሎ ትቷቸው፣ እሱም አያውቅም። ብቻ የተጠረገውን መንገድ መልሶ ጠረገ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ቆየ። ሲገባ ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

ከጻፈው መሀል ይህ አለ፦

"ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ከሥራ መልስ በየቀኑ መኪናዋ ውስጥ እቀመጥ ነበር። የጋራዡን በር እዘጋለሁ። መኪናው ሽታዋ ነበረበት። ሞተር አላስነሳም። አንድ ቀን ግን፣ በተዘጋ ጋራዥ የሞተር ጭስ ሰው እንደሚገድል እያወቅኩ፣ ቁልፉን ሰካሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ነቀልኩትና ወጥቼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። በነጋታው ስመለስ ቁልፉ ምስማሩ ላይ የለም። ቤቱን ሙሉ ፈለግኩ። እግዚአብሔር ነው የወሰደው አልኩ። ክሊኒክ የሄድኩት በዚያ ሳምንት ነው።"

ላይል ቦት ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ። በረዶው ምንጣፉ ላይ ቀለጠ።

"አባዬ" አለች ብሪታ። "እግዚአብሔር አይደለም።"

ቦርሳዋን ሳበች፣ የቁልፏን ቀለበት አወጣች። የመኪናዋ፣ የቤቷ፣ የመጦሪያው ቁልፍ አለ። ከነሱ ሥር ያለውን በጥፍሯ ታግላ አላቀቀችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሰማያዊዋ መኪና ቁልፍ ነው።

"አራት ዓመት አብሮኝ ነው የዞረው" አለች።

"አንቺ... እንዴት አወቅሽ?"

"ከእኔ መስኮት የጋራዡ በር ይታያል እኮ። ከሥራ ትመጣለህ፣ ትገባለህ፣ በሩ ይዘጋል። እስክትወጣ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ለዚያ ነበር ከኮሌጅ የቀረሁት። ዓመቱን አላባከንኩትም አባዬ፤ ስጠብቅህ ነበር።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስንት እሁድ፣ ስንት ምሳ ላይ ያንን ዓመት እንደቆጠረባት ትዝ አለው፤ እሷም ስንቴ ሳህን እንዳነሳች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

 ላይል ቁልፉን አነሳው፣ ከልጅቷ እጅ የወጣ ስለሆነ ሞቅ ይላል። "ምንም..." ብሎ ጀመረ፣ ከልማድ። ብሪታ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ደህና አልነበርኩም" አለ።

"አውቃለሁ አባዬ።"

 የዚያን ዕለት ሳህኖቹን ያነሳው እሱ ነው።